ብልጭታ አለ?

እኛ ቤት መኪናዋን «ጣውንት» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣችላት እናቴ ናት። አባቴ በወጣትነቱ ከአንድ መጋዘን ጓሮ ተጎትታ የወጣች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ ቀይ የስፖርት መኪና ገዝቶ፣ እስኪያስነሳት ድረስ ቤት መግባት ረስቶ ነበር። እናቴ እራቱን ጋራዥ ድረስ እያመጣችለት፣ «ለእኔም ለጣውንቴም እኩል ጊዜ ስጠን እንጂ» ትለው ነበር። እናቴ ካረፈች ቆየች። ጣውንቷ ግን አለች። ከቤቱ ጎን፣ የቆርቆሮ በር ባለው ጋራዥ ውስጥ፣ አቧራ እንዳይነካት ሸራ ለብሳ።

ባለፈው ወር አልነሳ አለች። እንዳትነሳ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ይህን ከመጀመሪያው የምናገረው ነገር ማንዛዛት ስለማልወድ ነው። ስሙኝ እንጂ ፍረዱልኝ አልልም። የሚፈረድልኝ ነገር ቢኖር ኖሮ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

አባባ መካኒክ ነው። መካኒኮቹ «ጆሮ» ይሉታል። መኪና ገና መንገዱን ታጥፋ ስትመጣ፣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ሻዩን እየጠጣ፣ «አንዷ ካንዴላ አትሠራም» ይላል። ሰውዬው ወርዶ ችግሩን ማስረዳት ሲጀምር፣ አባባ ካንዴላዋን ፈቶ እጁ ላይ ያስቀምጥለታል። እኔም ሥራውን ከእሱ ነው የተማርኩት። ጡረታ ሲወጣ የሚሠራበትን ጋራዥ ለእኔ ተወልኝ። የምታስተዳድረው አንቺ ነሽ ብሎኝ፣ በየጠዋቱ ግን እየመጣ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። ሳጠፋ ዝም ብሎ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በዚያች ጉሮሮ መጥረግ ስንት ጊዜ ቆሽቴ አሯል።

የደከመው ዓይኑ ነው። ሐኪሙ የጎን እይታህ እየጠበበ ነው፣ ከፊት ለፊትህ ካለው ውጪ ብዙ አታይም፣ መንዳት ቢቀርብህ ይሻላል አለው። አብሬው ነበርኩ። «እሺ» አለ አባባ፣ አመሰገነ፣ ወጣ፣ ጣውንት ውስጥ ገባና እኔን ከጎኑ አስቀምጦ እየነዳ ወደ ቤት ወሰደኝ። መንገዱን ሙሉ ምላሴ ተሳስሮ ቁጭ አልኩ። እሱም ዓይኑን ከመንገዱ አላነሳም። አንድ ሁለቴ ግን ዞር ብሎ አየኝ።

ከዚያ የእህቴ ልጅ ነገር መጣ። ከትምህርት ቤት የሚያመጣት አባባ ነው። አንድ ቀን ልጅቷ ቤት ገብታ፣ «አያቴ ቀይ መብራት ላይ አልቆመም፣ አንድ ሰውዬ ዘሎ አመለጠ፣ አያቴ ግን አረንጓዴ ነው አለኝ» አለች። እህቴ እንደ እብድ ሆና ጋራዥ መጣች። የተሠራ ጥፍሯን እየበላች ነበር።

«ወይ አንቺ መኪናዋን ታስቆሚያታለሽ ወይ እኔ በመዶሻ አደቃታለሁ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ለምን አንቺ ራስሽ አትንዳ አትዪውም? ታላቅ አይደለሽ?»

«የሱ ነፍስ አንቺ ነሽ። አንቺ ንገሪው።»

ተያየን። አባባን ፊት ለፊት «ቁልፉን ስጠኝ» የሚል ሰው እኛ ቤት አልተወለደም። ተቆጥቶን ስለሚያውቅ አይደለም፤ ተቆጥቶን አያውቅም። ፊቱ ሲወድቅ ማየት ነው የፈራነው። ሁለት ትልልቅ ሴቶች፣ አንዷ የልጅ እናት፣ አንዷ ስድስት ወንድ የምታዝ፣ የአንድ ሽማግሌ ፊት ፈርተን ቆምን።

የእህቴን ጥፍር እያየሁ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ቦርሳዋ ውስጥ ቀለም የሌለው፣ የሚያብረቀርቀው ብቻ የጥፍር ቀለም አለ። ጠርሙሱን ተቀበልኳት።

እንደዚህ ነው። በአሮጌ መኪና ሞተር ላይ ፑንቲና የምንላቸው ሁለት ጥቃቅን ብረቶች አሉ። እየተነካኩ ሲላቀቁ ነው ካንዴላው ላይ ብልጭታ የሚፈጠረው። መነካካታቸው ከቀረ ብልጭታ የለም። ብልጭታ ከሌለ ነዳጁ አይቀጣጠልም፤ ማስነሻ ሞተሪኖው ሲያዞራት ቢውል መኪናዋ አትነሳም። አባባ ቤተ ክርስቲያን በሄደበት ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ፑንቲናዎቹን በጥፍር ቀለም ቀባኋቸው። ሲደርቅ ደገምኩ። ብረት ከብረት እንዳይነካ ይከልላል፤ በዓይን ግን አይታይም። ሽቦ ብበጥስ ወዲያው ያገኘዋል፤ ይህን ግን ቶሎ አያገኘውም ብዬ ነው። ትንሽ ይታገላታል፣ ይደክመዋል፣ «አርጅታለች በቃ፣ ትረፍ» ይላል፣ ሸራዋን ያለብሳታል አልኩ። መቼም እኔ ሳስብ እንዲህ ነው፤ የማስበው የብረቱን ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠራኝ። «ነይ እስቲ፣ ይህቺ ሴትዮ አኩርፋለች።»

አባባ መኪና ሲመረምር ሥርዓት አለው። አንድ ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ያዞራል፣ አንድ ሰው ሞተሩ ጋ ቆሞ ያያል። የሚያየው ሰው ያየውን ይጠራል። «አለ» ካለ አለ ነው፣ «የለም» ካለ የለም፤ የተጠራውን ማንም ዳግመኛ አያይም። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ ነበረን፤ ጓደኛው የጠራውን ተደብቆ ሲፈትሽ አባባ አገኘውና የዚያኑ ቀን አሰናበተው። «እጅህን አልጠላሁትም» አለው፣ «ግን እዚህ ቤት የምንሠራው ተማምነን ነው።» እኛ ጋ መኪና ቶሎ የሚወጣውም ለዚህ ነው። ሌላ ጋራዥ ሦስቴ የሚያዩትን እኛ አንዴ አይተን እናልፋለን።

ድሮ የሚያየው እሱ ነበር። አሁን ዓይኑ በቀን ብርሃን ብልጭታ ስለማይለይለት መሪው ላይ ይቀመጣል፣ የማየው እኔ ነኝ። ይህን አውቃለሁ። ስቀባ ግን ትዝ አላለኝም። ብልሽቱን አዘጋጀሁ እንጂ ውሸቱን አላዘጋጀሁም።

የነዳጁን ቱቦ ነቀልኩ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ነዳጁ ተረጨ።

«ነዳጅ አለ?»

«አለ።»

አንዷን ካንዴላ ፈትቼ፣ ገመዷን ሰክቼ፣ ሞተሩ ብረት ላይ አስተኛኋት። አባባ ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ። ካንዴላዋ ድርቅ ብላ ተኛች። አንድም ነገር የለም።

«ብልጭታ አለ?»

ያን ጊዜ «የለም» ብል ጨዋታው አለቀ። ፑንቲናውን ያወጣዋል፣ ጣቱን ያሳርፍበታል፣ ያገኘዋል። ዓይኑ እንጂ ጣቱ አልደከመም። የእህቴ ልጅ በሐሳቤ መጣችብኝ፤ ቀይ መብራቱ፣ ዘሎ ያመለጠው ሰውዬ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፦

«አለ» አልኩ።

አባባ ቁልፉን ለቀቀው።

«አልሰማኋትም» አለ። «ጠቅ ጠቅ ትላለች እኮ።»

«ሞተሪኖው እየጮኸ ነው፣ አባባ።»

«ድሮም ይጮህ ነበር» አለና ጆሮውን በትንሿ ጣቱ ጎረጎረ። ከዚያ ፈገግ አለ። «ይኼም ሄደ ማለት ነው።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት።

«አለ» ብያለሁና አባባ ወደ ብልጭታው አልተመለሰም። የእኔን ቃል ይዞ ወደ ሌላው ሁሉ ሄደ። ካርቡራተሩን አውርዶ በሳፋ አጠበው። ክፍሎቹን የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በጨርቅ ደርድሮ አንድ በአንድ እያነሳ በጣቱ ዳበሰ፣ ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፋ፣ ገጠመ፣ ሞከረ። አልተነሳችም። ባትሪውን ቀየረ። ነዳጁን ደፍቶ አዲስ ሞላ። የጭስ ማውጫውን ተጋድሞ አየ። ይህን ሁሉ ሳቀብለው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ቁልፍ በለው፣ ካቻቪቴ በለው። «ጎበዝ» ይለኛል ባቀበልኩት ቁጥር። እኔ እንዲህ ዓይነት ጎበዝ ነኝ።

ከዚያ መድገም ጀመረ። አንዴ ያየውን ተመልሶ ማየት። በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን። ካርቡራተሩን እንደገና አወረደው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ስመለስ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ አንዲት ትንሽ ብሎን እጁ ላይ ይዞ አገኘሁት።

«ይቺን ትናንት አጥብቄያት ነበር?»

«አዎ፣ አጥብቀሃታል።»

«አይተሽኛል?»

«አይቼሃለሁ።»

ራሱን ነቀነቀ። ብሎኗን ጨርቁ ላይ አስቀመጣት። «አጎትሽም የጀመረው እንዲህ ነው» አለኝ።

አጎቴ፣ የአባባ ታላቅ ወንድም፣ ልብስ ሰፊ ነበር። አንድ ቀን የአንድ ሰው ኮት እጅጌ ገልብጦ ሰፋ። ሳቅንበት፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ የሱቁን መንገድ ረሳ። ሲሞት አልጋው ጠርዝ ላይ ለተቀመጠው ለገዛ ልጁ፣ «የማን ልጅ ነህ አንተ፣ እናትህ አትፈልግህም?» እያለ ነው የሞተው። አባባ አስታሞታል። ከዚያ ወዲህ አባባ ሞት አይፈራም፤ የሚፈራው ያን ነው። ስም ሲጠፋበት እንኳ ፊቱ ይለዋወጣል። እኔ ይህን ከማንም በላይ አውቃለሁ። እያወቅኩ ነው ብሎኗ ላይ አፍጥጦ እንዲቀመጥ ያደረግኩት።

እህቴ ጋ ደወልኩ። «እንንገረው» አልኳት።

«አሁን? ትንሽ ጠብቂ፣ ይተዋታል።»

«እትዬ፣ ሰውዬው መኪናዋን አይደለም የሚተወው። ጭንቅላቴ ሄደ እያለ ነው።»

«ምን ልትይው ነው ታዲያ? በጥፍር ቀለም አታለልንህ?» አለች፤ ወዲያው ድምፅዋ ተሰበረ። «አስነሺለት በቃ። ስለ መንዳቱ ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

እኔም የፈለግኩት ይህንኑ ነበር መሰለኝ፤ ሳልናገር መውጣት። አባባ ጸጉሩን ሊስተካከል ሲሄድ የቤቱን ጋራዥ ከፍቼ ፑንቲናዎቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ፈተግኳቸው። የጥፍር ቀለሙ እንደ ነጭ ዱቄት ሆኖ ወጣ። እፍ አልኩት፣ ሄደ። እጄን ታጠብኩ። ሲመለስ፣ «እስቲ አንዴ ሞክራት» አልኩት፤ ድምፄን እንደ ዋዛ አድርጌ።

ተቀመጠ። ቁልፉን ገና ከመንካቱ ተነሳች። ያ የሚወደው ድምፅዋ ጋራዡን ሞላው። ይስቃል፣ መሪውን ይመታል፣ «ጣውንቴ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። አባባ ቁልፉን መልሶ አጠፋት። ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ።

«ምን አደረግኩ?» አለኝ።

«እ?»

«ዛሬ ምን ነካሁ? ትናንት ማታ ሞክሬያት አልተነሳችም። ከዚያ ወዲህ አልነካኋትም። ወይስ ነካኋት?» ዞሮ አየኝ። «ልጄ፣ የሠራሁትን አላስታውሰውም።»

ጋራዡ ወለል ላይ፣ በሩ ሥር፣ እንደ ልጅ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። የጥፍር ቀለሙን፣ ፑንቲናውን፣ የእህቴን ልጅ፣ ቀይ መብራቱን። «አለ» ያልኩትን። ብልጭታው እንዳልነበረ፣ ያልሰማው ጆሮው ትክክል ስለሆነ እንደሆነ። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት፤ እኔ የማለቅስ ሰው አይደለሁም።

አባባ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ ለሰለሰ። ሊስቅም ቃጣው።

«የጥፍር ቀለም» አለ።

«አዎ።»

«አንቺ? ጥፍር ቀለም ተቀብተሽ ታውቂያለሽ አንቺ?»

«የእትዬ ነው። ደውልና ጠይቃት።»

እኔው ደወልኩ፤ ድምፅዋ እንዲሰማ አደረግኩት። እህቴ እያለቀሰች እኔ ያልኩትን ሁሉ ደገመችው፣ አንድም ሳታስቀር። አባባ «እሺ፣ እሺ የኔ ልጅ፣ አታልቅሺ» አላትና ስልኩን መለሰልኝ።

«ተማክራችኋል» አለኝ። «ቁርጥ እናታችሁን። እኔ ያሳረርኩትን ድስት ሁሉ እኔ ነኝ ያሳረርኩት ትል ነበር፣ እንዳላፍር። ስንት ዓመት አመንኳት መሰለሽ።»

«አባባ፣ በእናቴ አፅም፣ እኔ ነኝ።»

«ቀለም ልትቀቢ ትችዪ ይሆናል» አለ። «ግን እኔ መሪ ላይ ተቀምጬ፣ ብልጭታ አለ ወይ ብዬሽ፣ ሳይኖር አለ አትይኝም። አንቺን አውቅሻለሁ። ሌላው ቢቀር ይኼን አታደርጊም።»

ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ማስረጃው ደግሞ ነጭ ዱቄት ሆኖ እፍ ያልኩት ነው።

ተነሳሁ። ካንዴላዋን ፈታሁ፣ ብረቱ ላይ አስተኛኋት፣ ብልጭታ እንዳይኖር ግን የላይኛውን ገመድ ነቀልኩት። «ቆይ» አልኩት፣ «አሁን እኔ ምንም አልልም። አንተ አዙር፣ አንተው ስማ። አንተው ንገረኝ።»

ቁልፉን አዞረ። ሞተሪኖው ጮኸ። ብልጭታ አልነበረም። አባባ ራሱን ዘንበል አደረገ፤ ድሮ ጀርባውን ሰጥቶ ሻይ ሲጠጣ እንደሚያደርገው። ፊቱ ላይ አየሁት። ሰምቷል። አለመኖሯን ሰምቷል። ከንፈሩ «የለ» ሊል ተከፍቶ ነበር።

ከዚያ አየኝ። ፊቴ ላይ መልሱን ይፈልግ ጀመር፣ ትምህርቱን ያላጠና ተማሪ አስተማሪውን እንደሚያየው።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለኝ።

«አባባ፣ አንተ ምን ሰማህ?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ» አለ። «አንቺ የምትዪው ነው።»

ገመዱን መልሼ ሰካሁት። እንደገና አዙር አልኩት፤ አዞረ፤ ብልጭታዋ ሰማያዊ ሆና፣ ጠቅ ጠቅ እያለች፣ እዚያ ድረስ ተሰማች። «አሁንስ?» አልኩት። እሱ ግን ቁልፉን ነቅሎ ከመኪናዋ እየወጣ ነበር። ወገቡን ይዞ ቀስ ብሎ ወጣ። እጄን ያዘ፣ ዘይት እንደነካኝ መዳፌ ላይ ቁልፉን አስቀመጠው፣ ጣቶቼንም በላዩ አጠፋቸው።

«የእህትሽን ልጅ አስቀምጬ ነው እኮ የምሄደው» አለ። «እንዲህ ከሆንኩማ አይሆንም።»

ቁልፉን ጨበጥኩት።

«ያኔ ሐኪሙ ስለ ዓይኔ ሲነግረኝ» አለ፣ «መንገዱን ሙሉ አንቺ ቁልፉን ትጠይቂኛለሽ ብዬ ጠብቄ ነበር። እኔ ከራሴ አውጥቼ መስጠት ከበደኝ። ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር።»

ሸራውን ራሱ አለበሳት። አንዱን ጫፍ እኔ ያዝኩለት።

እህቴ ቁልፉ እኔ ጋ እንዳለ ስነግራት «ተገላገልን» አለች፣ ወዲያው ስልኩን ዘጋችው። አሁን ልጅቷን ከትምህርት ቤት የማመጣት እኔ ነኝ። ጣውንትን እንዳትደርቅ በየሳምንቱ አስነሳታለሁ፤ ቁልፉን ገና ስነካው ትነሳለች። አባባ ጋራዥ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። መኪና መንገዱን ታጥፋ ስትመጣ መካኒኮቹ እንደ ልማዳቸው ዞር ብለው ያዩታል፤ እሱ ደግሞ ወደ እኔ ያያል። ጉሮሮውን መጥረግም ትቷል። ሳጠፋ እንኳ ዝም ነው፤ ስንቴ ሆን ብዬ አጥፍቻለሁ።

ስለ ጥፍር ቀለሙ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ባለፈው እሑድም ነገርኩት። እጄን መታ መታ አድርጎ፣ «ይሁንልሽ» አለኝ። ከዚያ ጣውንትን አስነስቼ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ።

«ድምፅዋ ደህና ነው?» አለኝ።

ሞተሯ ከኋላዬ እየሠራ ነበር፤ እዚያው፣ ሁለታችንም የምንሰማው።

«ደህና ነው፣ አባባ» አልኩት።

«እንግዲህ አንቺ ካልሽ» አለና ወደ ቤት ገባ።